«አምላክ አለ?» ብለን ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ዶርማችን ውስጥ ስምንት ልጆች ነበርን። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አለ። መብራት በጠፋ ቁጥር የሃይማኖት ክርክር ይነሳል። አንድ ማታ፣ ሁልጊዜ ዝም ብሎ የሚሰማው ልጅ ከላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ «እኔ እንኳ አምላክ ይኑር አይኑር አላውቅም» አለ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ከዚያ ሁላችንም ተነሳንበት። በምንም ነገር ተስማምተን የማናውቅ ልጆች ያን ማታ አንድ ሆንን። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተጯጯህን። «አላውቅም ስትል ምን ማለትህ ነው?» ብሎ የጠየቀው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ አማኝ ነኝ። ጠዋት ሳልጸልይ ከቤት አልወጣም። ያ ልጅ ዛሬም «አላውቅም» ይላል፤ ዛሬም የልብ ጓደኛዬ ነው። ያን ማታ የሠራናቸውን ስህተቶች ግን ቡና ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ቤተሰብ መሀልም እየደጋገምኩ አያለሁ። ክርክሩ የሚበላሸው ገና ጥያቄውን ሳንሰማ ለመመለስ ስለምንቸኩል ነው።

አግኖስቲክን «መሀል ሰፋሪ» ማድረግ

«አምላክ ይኑር አይኑር አላውቅም» የሚል ሰው አግኖስቲክ ይባላል። ስለ እሱ ግን «ገና አልወሰነም» ይባላል። «ግራ ገብቶት ነው»፣ «ደንታ የለውም» ይባላል። ትልቁ ስህተት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ቃሉን የፈጠረው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1869። ለንደን ውስጥ «ሜታፊዚካል ሶሳይቲ» የሚባል የውይይት ማኅበር ነበር። የሃይማኖት አባቶችም፣ ሳይንቲስቶችም፣ ፈላስፎችም አባል ናቸው። ሁሉም የሚጠራበት የአመለካከት ስም አለው። ሃክስሊ ብቻ የለውም። ራሱን ጅራቷን ወጥመድ ውስጥ ጥላ ወደ ጓደኞቿ ከተመለሰች ቀበሮ ጋር አመሳስሎታል። ስለዚህ ለራሱ ስም አወጣ። በግሪክኛ «ግኖሲስ» ዕውቀት ነው፤ ፊቱ ላይ «አ» ሲገባበት አፍራሽ ይሆናል። በ1889 በጻፈው ጽሑፍ ደግሞ አግኖስቲክነት የእምነት መግለጫ ሳይሆን የአሠራር ዘዴ ነው ብሏል። በቂ ማስረጃ በሌለበት ነገር ላይ «በእርግጥ አውቃለሁ» አለማለት ለእሱ የሕሊና ግዴታ ነበር። ይህን የሚል ሰው ደንታ ቢስ ሊባል አይችልም።

እዚህ ላይ አማርኛችን ይረዳናል። ማወቅ ሌላ፣ ማመን ሌላ ነው። ልጇ ሪያድ ለሥራ የሄደችባት እናት፣ ልጇ ከደወለችላት ሁለት ሳምንት ሆኗት ይሆናል። ልጇ ደህና መሆኗን አታውቅም። ደህና ናት ብላ ግን ታምናለች። በሁለቱ መሀል ያለው ክፍተት ነው እንቅልፍ የሚነሳት። ስለ አምላክም ስናወራ እንደዚሁ ነው። «አላውቅም፣ ግን አምናለሁ» የሚል ሰው አለ። «አላውቅም፣ ስለዚህ አላምንም» የሚልም አለ። አንዱ አማኝ ነው፣ ሌላው ኢአማኒ። ስለ ዕውቀት ከተጠየቁ ግን ሁለቱም አግኖስቲክ ናቸው።

ሌላም ልዩነት አለ። «እኔ አላውቅም» እና «ማንም ሊያውቅ አይችልም» ለየቅል ናቸው። ሁለተኛው ከባድ አባባል ነው፤ ራሱ ማስረጃ ይጠየቅበታል። የጥንቱ ግሪካዊ ፕሮታጎራስ የተናገረው ስለ ራሱ ነበር። አማልክት ይኑሩ አይኑሩ ማወቅ አልቻልኩም፣ ነገሩ ስውር ነው፣ የሰው ዕድሜም አጭር ነው አለ። ቻርልስ ዳርዊንም በ1879 በጻፈው ደብዳቤ፣ ሐሳቡ ወዲያና ወዲህ ሲዋዥቅ እንኳ የአምላክን መኖር ክዶ እንደማያውቅ፣ «አግኖስቲክ» የሚለው ቃል ይበልጥ እንደሚገልጸው ተናግሯል። እኛ ሰፈር ግን ዳርዊን «አምላክ የለም ያለው ሰውዬ» ሆኖ ቀርቷል።

ጓደኛዬን ከዓመታት በኋላ ጠየቅኩት። «እንዲኖር እመኛለሁ» አለኝ። ያን ማታ ብንጠይቀው ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

የትኛውን አምላክ እንደሆነ ሳይነጋገሩ መጀመር

እ.ኤ.አ. በጥር 1948 ፈላስፋው በርትራንድ ራስል እና ጀስዊት ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆነው ካህን ፍሬድሪክ ኮፕልስተን በቢቢሲ ሬዲዮ ተከራከሩ። መጀመሪያ ያደረጉት ምን ነበር? «አምላክ ስንል ምን ማለታችን ነው?» ተባባሉ። ከዓለም የተለየ፣ ዓለምን የፈጠረ፣ የራሱ ማንነት ያለው ልዑል በሚለው ተስማሙ። ከዚያ ኮፕልስተን፣ አምላክ አለመኖሩ ሊረጋገጥ ይችላል ትላለህ ወይ ብሎ ጠየቀ። ራስል «አልልም፤ አቋሜ አግኖስቲክ ነው» ብሎ መለሰ። ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀባቸው። የሚለያዩበትን ቦታ ግን አወቁት።

እኛ ይህን እንዘላለን። አንዱ የሚያወራው ጸሎት ስለሚሰማው፣ ስለሚያዝነው፣ ስለሚፈርደው አምላክ ነው። ሌላው የሚክደው ደመና ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ነው፤ እሱን እኮ አማኙም አያምንበትም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ አንተኒ ፍሉ ለአምሳ ዓመት ያህል በኢአማኒነቱ የታወቀ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ሐሳቡን መቀየሩ ሲሰማ ብዙ አማኞች «ተመለሰ!» ብለው ተደሰቱ። ፍሉ የተቀበለው ግን ዓለምን ያስጀመረ፣ በሰው ሕይወት ውስጥ የማይገባ አምላክ ነበር። ክርስቲያን አልሆነም።

ክርክሩን በ«ሰነፍ» መክፈት

«ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል።» ይህን ጥቅስ ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እኔ ራሴ ያን ማታ ጓደኛዬ ላይ ወርውሬዋለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በመጀመሪያ፣ እሱ «የለም» አላለም። ሁለተኛ፣ መዝሙሩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው እንደሚያየው ዳዊት የሚናገረው ሕዝብን እንደ እንጀራ ስለሚበሉ ግፈኞች ነው። በዕብራይስጡ የገባው «ናባል» የሚለው ቃልም የአእምሮ ድክመትን ሳይሆን የምግባር ብልሹነትን ነው የሚያመለክተው። በቅንነት ለሚጠይቅ ልጅ የሚወረወር ጥቅስ አይደለም።

በሌላው ወገን ያለው ስድብም አይሻልም። «አማኝ አያስብም»፣ «ሃይማኖት ለማይማን ነው» የሚሉ ወጣቶች አሉ። የአንድምታ ጉባኤ ላይ አንዲቷን ቃል «አንድም… አንድም…» እያሉ ሲያስተነትኑ የሚውሉ የኔታን ያየ ሰው ይህን አይልም።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። ወላጆቻችን «አምላክ» ሲጠየቅ ለምን እንደሚደነግጡ ደርግን ካላስታወስን አይገባንም። ለእነሱ «አምላክ የለም» የሚለው ቃል የመጣው ከፍልስፍና መጽሐፍ ሳይሆን ከካድሬ አፍ ነው። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ እና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሁለቱም በ1971 ዓ.ም. ነው የተገደሉት። እናታችሁ ጥያቄያችሁን ስትሰማ ፊቷ ከተለወጠ፣ ትዝ ያላትን ነገር መጀመሪያ ጠይቋት።

«ሁሉ ነገር ሠሪ አለው» ብሎ መቸኮል

ይህ የሁላችንም ተወዳጅ ነው። «ይህ ወንበር ሠሪ አለው፤ ዓለምስ?» ከዚያ አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን «እግዜርንስ ማን ሠራው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሳችን «ዝም በል፣ እንዲህ አይባልም!» ነው። የእህቴ ልጅ እንዲህ ተብሎ ከሳሎን ሲወጣ አይቻለሁ። አንገቱን ደፍቶ ነው የወጣው። ልጁ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው ክርክሩን አበላሽቶ ያቀረበው ትልቁ ሰው ነው። «ሁሉ ነገር» ካልክ እኮ አምላክንም ጨምረሃል።

የጥንቶቹ ሊቃውንት እንዲህ አላሉም። ኢማም አል-ገዛሊ (1058–1111 እ.ኤ.አ.) ያሉት «መጀመሪያ ያለው ነገር ሁሉ አስጀማሪ ምክንያት አለው፤ ዓለም መጀመሪያ አላት፤ ስለዚህ አስጀማሪ አላት» ነው። ልዩነቱ «መጀመሪያ ያለው» በምትለው ሐረግ ላይ ነው። አምላክ መጀመሪያ የለውም ስለሚባል የሕፃኑ ጥያቄ እዚህ አይነካውም። ጥያቄው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፦ ዓለም በእርግጥ መጀመሪያ አላት ወይ?

ቶማስ አኩዊናስ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዷል። ዓለም መጀመሪያ እንዳላት በእምነት እንጂ በአመክንዮ ማረጋገጥ አይቻልም ይላል። ስለዚህ ክርክሩን የሠራው በጊዜ መጀመሪያ ላይ አይደለም። ነገሮች አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ በሌላ ነገር ተደግፈው ነው ያሉት፤ በማንም ያልተደገፈ አንድ መሠረት ከሌለ ድጋፉ ከየት ይመጣል የሚል ነው። ጣሪያ ላይ እንደተንጠለጠለ መብራት አስቡት። ገመዱን ስንት ሺህ ሜትር ብታስረዝሙት፣ የሆነ ቦታ ካልታሰረ መብራቱ ይወድቃል።

ጠንካራው መልስስ? ራስል ለኮፕልስተን የሰጠው ነው። ዓለም እንዲሁ አለ፣ በቃ፤ እያንዳንዱ ነገር ምክንያት ስላለው ጠቅላላው ምክንያት ሊኖረው ግድ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው እናት አለው ማለት የሰው ዘር በሙሉ አንዲት እናት አለው ማለት አይደለም አለ። እኔ በራስል መልስ አልረካም። «እንዲሁ አለ» የሚለው ጥያቄውን የሚያቆመው ይመስለኛል፣ የሚመልሰው አይመስለኝም። ጓደኛዬ ደግሞ «አንተም አምላክ ጋ ስትደርስ ታቆመዋለህ» ይለኛል። እዚህ ቦታ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም የምንነጋገረው ስለ እውነተኛው ነገር ነው። እዚህ ለመድረስ ግን ወንበሩን መተው ነበረብን።

ሳይንስን በግድ ምስክር አድርጎ ማቆም

ቢግ ባንግ ለሚባለው ሐሳብ መሠረት የጣለው ቤልጂጋዊው ዦርዥ ለሜትር ነው። የካቶሊክ ቄስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ዓለም እየሰፋች መሆኗን በስሌት አሳየ፤ በ1931 ደግሞ ሁሉም ከአንድ «ጥንታዊ አቶም» ተነሳ አለ። በ1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ባደረጉት ንግግር ይህን ሳይንስ ከፍጥረት ጋር አያይዘው እንደ ድጋፍ ጠቀሱት። አንድ ቄስ በዚህ ይደሰታል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ለሜትር ግን ቅር ተሰኘ። ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው፤ አምላክን የሚክድ ሰውም ሊቀበለው ይችላል የሚል አቋም ነበረው። እምነቱን ነገ ሊሻሻል በሚችል ስሌት ላይ ማሰር አልፈለገም።

«ሳይንስ አምላክ አለመኖሩን አረጋግጧል» የሚለውም ያው ስህተት ነው። የትኛው ላቦራቶሪ፣ በየትኛው መሣሪያ? ሳይንስ የመብረቅን መንስኤ ነግሮን ይሆናል። ጭራሽ ምንም አለመኖር ሲችል የሆነ ነገር ለምን እንዳለ የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ሌላ ዓይነት ነው።

«አለመኖሩን አስረዳኝ!»

አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ራስል እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ በምድርና በማርስ መሀል አንዲት የሻይ ማንቆርቆሪያ ፀሐይን ትዞራለች፤ በቴሌስኮፕ እንዳትታይ በጣም ትንሽ ናት ብላችሁ፣ ልታስተባብሉኝ ስላልቻላችሁ እመኑኝ ልል አልችልም። ልክ ነው። አንድ ነገር አለ የሚል ሰው ምክንያቱን ማቅረብ ያለበት እሱ ነው። «የለም» ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገርም ምክንያት አለብህ ይባላል። «አላውቅም» የሚለው ሰው ብቻ ነው ይህ ዕዳ የሌለበት፤ እሱም «ማንም አያውቅም» እስካላለ ድረስ።

በ«ቢኖርስ?» ማስፈራራት

«ካመንክና ከሌለ ምንም አልከሰርክም። ካላመንክና ካለ ግን አለቀልህ።» የፓስካል ውርርድ ይባላል። ብሌዝ ፓስካል የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ነው። ይህን አባባል በተለይ ወላጆች ይወዱታል፤ ክፋት የለውም፣ ከፍቅር ነው የሚመጣው። ግን ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑም ለሙስሊሙ ቃል በቃል ሊለው ይችላል። ሁለተኛ፣ እምነት እንደ መብራት ማብሪያ ተጫን ስለተባልክ የሚበራ አይደለም። ፓስካል ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። ለዚህ ነው ማመን ለሚከብደው ሰው መጀመሪያ ከአማኞች ጋር መኖርን፣ ቅዳሴ ማስቀደስን የሚመክረው።

ፓስካልን ያሳመነው ደግሞ ውርርዱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1662 ሲሞት አገልጋዩ ኮቱ ገበር ውስጥ የተሰፋ ወረቀት አገኘ። የኅዳር 23 ቀን 1654 ሌሊት ማስታወሻ ነው። «እሳት» ይላል። ቀጥሎ «የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ፤ የፈላስፎችና የሊቃውንት ያልሆነ» ይላል። ስምንት ዓመት ሙሉ ደረቱ ላይ ይዞት ዞሯል። ውርርዱን የምንጠቅስ ሰዎች ወረቀቱን እንረሳለን።

ዘርአ ያዕቆብን ያላለውን ማስባል

«የእኛም አገር ኢአማኒ ፈላስፋ አለ» እየተባለ ስሙ ሲነሳ እሰማለሁ። «ሐተታ» የሚባለውን፣ በስሙ የሚታወቀውን የፍልስፍና ጽሑፍ ያላነበበ ሰው ነው ይህን የሚለው። በጽሑፉ መሠረት ዘርአ ያዕቆብ አክሱም አቅራቢያ የተወለደ ሰው ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖረ፤ ዳዊቱን ይዞ። እየጸለየ ሳለ «የሚሰማኝ አለ ወይ?» ብሎ ተጠራጠረ። ከዚያ «ጆሮን የተከለው አይሰማምን?» የሚለው የዳዊት ቃል ትዝ አለውና ማሰብ ጀመረ። ጆሮ የሰጠኝ ማን ነው? ወላጆቼ፤ እነሱንስ? እያለ ወደ ኋላ ሄዶ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ጋ ደረሰ። ብዙ የሃይማኖት ሥርዓቶችን ተችቷል። አምላክን ግን አልካደም። ጥርጣሬውን ወደ እምነት መውጫ መሰላል አደረገው።

ስሙን የምትጠቅሱ ከሆነ ሌላውንም እወቁ። ጽሑፉን ወደ አውሮፓ የላከው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. የጻፈውም እሱ ራሱ ነው አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሳምነር ደግሞ ጸሐፊው ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟገቱ። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። የዋሻው ጥያቄ ግን ማንም ይጻፈው ማን ክብደቱ አይቀንስም።

ለሐዘን በክርክር መመለስ

የጓደኛዬ እናት ሞታ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ነበር። ነጠላው አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። ድንገት ወደ እኔ ዞሮ «አሁን የት ናት?» አለኝ። እኔም ጀመርኩ። ትንሣኤ፣ ነፍስ፣ ጥቅስ፣ ማስረጃ። ሦስት ደቂቃ ያህል ሰማኝ። ከዚያ ተነስቶ ወጣና ወንበር ከሚያወርዱት ልጆች ጋር ወንበር መሸከም ጀመረ።

ቆይቶ የሃክስሊን ታሪክ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1860 የበኩር ልጁ ኖኤል በቀይ ትኩሳት ሞተ። አራት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው። ቀብሩ ላይ ቄሱ «ሙታን የማይነሡ ከሆነ፥ ነገ እንሞታለንና እንብላና እንጠጣ» የሚለውን አነበቡ። ሃክስሊን ቃሉ ወጋው። ትንሣኤን ካላረጋገጥኩ እንደ እንስሳ መሆን አለብኝ ማለት ነው? ልጃቸው የተገደለባቸው ዝንጀሮዎች እንኳ ያዝናሉ እንጂ ለመብል አይሮጡም ብሎ ጻፈ። ይህን የጻፈው ለካህኑ ቻርልስ ኪንግስሊ ነበር፤ ኪንግስሊ የሚያጽናና ደብዳቤ ልኮለት ነው የመለሰው። በዚያው ደብዳቤ ስለ ነፍስ አለመሞት ሲናገር፣ አልክድምም አላረጋግጥምም፣ የማምንበት ምክንያት አላገኘሁም፣ የማስተባብልበትም መንገድ የለኝም አለ። «አግኖስቲክ» የሚለው ቃል ገና አልተፈጠረም። ዘጠኝ ዓመት ይቀረዋል። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላም ወዳጅ ሆነው ቀጠሉ።

በእናቱ አርባ ተመልሼ ሄድኩ። ማታ ሰዉ ከተበተነ በኋላ በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ቆምኩ። አሁንም ያንኑ ጠየቀኝ። «እግዚአብሔር ጋ ናት ብዬ አምናለሁ» አልኩት። «አላውቅም ግን።»

ፈቀቅ ብሎ ቦታ ሰጠኝ።